የአደራዋ ላም

እኔ ስደነግጥ የምስቅ ሰው ነኝ። አክስቴ ያረፉ ጊዜ በዚሁ ጠባዬ ከለቅሶ ድንኳን አስወጥተውኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የሞተች በግ ሆድ ስንከፍት ትሉ ተግተልትሎ ሲወጣ ብቻዬን ስቄ መምህሬን አስቆጥቻለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትፈጠር የእንባዋና የሳቋ በር ተለዋውጧል» ትላለች። ስለዚህ አሶሳ አጠገብ እጄን እስከ ትከሻዬ ድረስ ላም ውስጥ ከትቼ በሽማግሌዎች ፊት ሳቅኩ ስላቸው የሚያውቁኝ ሰዎች አይገረሙም። የሚገረሙት እጄ ምን እንደነካ ስነግራቸው ነው።

አሶሳ የመጣሁት ለምርምር ነው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ሥራችን ባጭሩ የማይወልዱ ላሞች ለምን እንደማይወልዱ ማወቅ ነው። መንደር ለመንደር እንዞራለን፣ ከአንገታቸው ደም እንቀዳለን፣ ደማቸው ውስጥ ጥገኛ ተህዋስ እንፈልጋለን፣ ማህፀናቸውን በእጅ እንመረምራለን። ሥራው አያምርም። ሁለት ጊዜ ታጥቤ ባጃጅ ውስጥ ስገባ እንኳ ሹፌሩ መስኮት የሌለውን ባጃጅ መስኮት ሊከፍት ይሞክራል።

ከከተማው ወጣ ሲሉ በደርግ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች መንደሮች አሉ። ከነሱ ጥግ የበርታዎቹ መንደሮች አሉ፤ እነሱ የአገሩ ባለቤቶች ናቸው። በአንዱ መንደርና በሌላው መሃል ያለው የማንጎ ዛፍና የፍየል መንገድ ብቻ ነው። በዚህ አካባቢ ከብት የበዛበት ሰው ግጦሽ ላለው ጎረቤቱ ላም ለርቢ ይሰጣል። ላሟ የሰጪው እንደሆነች ትቀራለች፣ ወተቱን አርቢው ይጠጣል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ወረቀት የለም፤ አደራ ነው። መጀመሪያ ስሰማ «እንዴት ያለ የዋህ ሕዝብ ነው!» ብዬ ነበር።

ነገሩን የነገረችኝ የአንድ አርቢ ሚስት ናት። የበርታ ሴት ናት፤ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ፣ ደም ስቀዳ ቆማ ስታየኝ ቆየችና ሰው ሲቀንስ ጠጋ አለች።

«ዶክተር፣ አንቺ ላም ሆድ ውስጥ ያያል?»

«በእጄ አያለሁ፣ እናቴ።»

«እኛ ቤት ላም አለ። የኛ ስም እዛ ሆድ ውስጥ ጠፋ።»

ሥራዬን ትቼ ተቀመጥኩ። ባሏ ከአንድ የወሎ ሰው ላም ለርቢ ተቀበለ። ላሟ ኮርማ አገኘች፤ ጎኗም ሞላ። ባሏ ደስ ብሎት ሄዶ ለባለላሙ አበሰረው፤ ባለላሙም መጥቶ አየ፣ በእጁ ዳሰሰ፣ ዱዓ አደረገ። ከዚያ ጊዜው ደረሰ፣ አለፈ፣ ጥጃ የለም። የላሟ ጎን ጎደለ። የጣለችው ነገር አልታየም፤ ሜዳ ላይ ደም አልታየም፤ ጅብም አልጮኸ። እየቆየ ወሬ ተነሣ። ጥጃውን ሌሊት አዋልዶ ጾሬ ገበያ ወስዶ ሸጦታል ተባለ። ባሏን ሰው በሌለበት «አደራ በላ» ይሉት ጀመር፤ ቆይተው ሰው ባለበትም አሉት።

«እሱ ሌባ አይደለም» አለች። «እሱ ዝም ይላል። ዝም ሲል ሌባ ይመስላል።»

ባለላሙን ሄጄ አነጋገርኩት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ናቸው፤ አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ይኸው አሁን አልኳቸው። አፋቸው እንደ ወሎነታቸው ለዛ አለው፤ ሲያዝኑም ሰው ያስቃሉ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉኝ ገና እንደተቀመጥኩ። «እንዲያው አንቺ ልጅ፣ በዚህ እጄ የዳሰስኩት እርግዝና የት ይገባል? ቅቤ ነው እንዴ የሚቀልጥ? እኔ እኮ ጥጃ አላጣሁም። ወላሂ፣ ወንድሜን ነው ያጣሁት።»

ወንድሜ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፈራ በመጡ ጊዜ ገና ጎረምሳ ነበሩ፤ በረሃቡ ቤተሰባቸውን ቀብረው ነው የመጡት። ያኔ የቀርከሃ ቡቃያ እንዴት ተቀቅሎ እንደሚበላ ያሳያቸው፣ ወባ ሲጥላቸው ውሃ ያጠጣቸው ይኸው የበርታው እኩያቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በአንድ መስጊድ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲሰግዱ ኖረዋል። አሁን አንዱ ፊት ሲቆም ሌላው በር ጋ ይቆማል።

«መሐላ ጠየቅኩት» አሉኝ። «ወላሂ አልነካሁም በለኝና እንርሳው አልኩት። አንድ ቃል! ዝም ብሎ አየኝ። በነጋታው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የገዛ ጊደሩን እየጎተተ አምጥቶ ደጄ ላይ አሰረልኝ። እህ? ያልበላ ሰው ለምን ይከፍላል? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ።»

ጊደሯ ግቢው ውስጥ፣ ከውሾቻቸው አጠገብ፣ ታስራ ነበር። ዞሬ አየኋት። ከዚያ ቀን በፊት እዚህ አገር «ወላሂ» ሳይባል ሽንኩርት ሲሸጥ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ቃሉን ሳይሆን ጊደሩን ሰጠ ሲሉኝ ለእኔም ነገሩ ያለቀለት መሰለኝ፤ በልቷል ማለት ነው ብዬ ተነሣሁ።

አርቢውን ላነጋግረው ስሄድ ላሟን እያከከላት አገኘሁት። አጭር፣ ጥቁር፣ ዓይኑ ከሰው ዓይን የሚሸሽ ሰው ነው። እሳቸውንም አንቱ እላቸዋለሁ። ለምን አልማሉም ብዬ በድፍረት ጠየቅኳቸው።

«የአላህ ስም ለጥጃ አልጠራም» አሉኝ።

«እውነት ከሆነስ?»

«እውነት ከሆነም። አባቴ አልማለም። እኔ አልማለም።» ላሟን ማከካቸውን ሳያቆሙ «ጊደር አለ። ጊደር ይሄዳል። ስሙ ይቀራል» አሉ።

የማንን ስም እንዳሉ ገብቶኛል። የሳቸው ስም ግን በየገበያው እየተጎተተ ነበር። አቤት እንዴት እንደተናደድኩ! አንድ ቃል ሰው ነጻ በሚያወጣበት ቦታ እንደዚህ ያለ ዝምታ ምን ይባላል? ሰዎቹ ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም በእምነታቸው ነው የሚናገሩት፤ እውነቱን የምታውቀው ግን የምታመሰኳው ዳለቻ ላም ብቻ ነች።

ሽምግልና ተጠራ። እኔ እንድመረምር ሁለቱም ፈቀዱ። የማንጎ ወቅት ነበር፤ ዛፉ ሥር የወደቀው ማንጎ በስብሶ ዝንቡ አያስቀምጥም። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም መንደር መጥተው አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ዋናው ሽማግሌ ከሩቅ «ዛሬ ዳኛዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። አልወደድኩትም። እኔ ተመራማሪ ነኝ፤ ያየሁትን ጽፌ እሄዳለሁ እንጂ በሰው ላይ አልፈርድም። ማህፀኗ ባዶ ቢሆን ደግሞ ምን ልላቸው ነው? ባዶ ማህፀን ወለደችም አልወለደችም ብሎ ለሽማግሌ አይመሰክርም። ባዶ ከሆነ ሰውየው አለቀላቸው።

ላሟን ከዛፉ ጋር አሰርናት። ረጅሙን ጓንት አጠለቅኩ፣ በሳሙና አለሰለስኩ፣ እጄን አስገባሁ።

ይህን ሥራ ለማያውቅ ልንገር፤ እጅ በፊንጢጣዋ ይገባና ማህፀኗን በአንጀቷ በኩል ይዳስሳል። ያላረገዘች ላም ማህፀን በመዳፍ የሚሰበሰብ ለስላሳ ነገር ነው። ያረገዘች ከሆነ ውሃ የሞላ ነገር ይነካሉ፤ በውሃው ውስጥ ጥጃው ገፋ ሲያደርጉት ይሸሻል፣ ተመልሶም ይመጣል። እኔ የነካሁት ከሁለቱም አልነበረም። ውሃ የለም። የማህፀኑ ግድግዳ በውስጡ ያለውን ነገር ጭምቅ አድርጎ ይዞታል፤ ውስጡ ያለው ደረቅና ጠንካራ ነው። መጀመሪያ እበት መሰለኝ። ጣቶቼን አንሸራተትኩ። ክብ ነገር። ክቡ ላይ ስርጉድ፤ ከስርጉዱ ማዶ ሌላ ስርጉድ። ከዚያ በታች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ነገር። የጎድን አጥንት ነበር። ስርጉዶቹ የዓይን ቦታ ነበሩ።

ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

የአርቢው ሚስት ፊቷን ሸፈነች። ባለላሙ ብድግ አሉና «ይኸው! ባዶ ነው! ሳቋ ነገረን!» አሉ። ዋናው ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መትተው «በሰው ውርደት ይሳቃል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። አርቢው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ እጄ ላሟ ውስጥ እንዳለ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ሳቄን ማቆም አቃተኝ።

«ጥጃው እዚህ አለ» አልኩ በመጨረሻ።

«የት?»

«እዚህ። እጄ ውስጥ።»

ሽማግሌዎቹ ከግንዱ ተነሥተው ቀረቡ።

«በሕይወት አለ?» አሉ ባለላሙ፤ ድምፃቸው ወርዷል።

«የለም። ሆዷ ውስጥ ሞቶ እዚያው ደርቋል።»

«ሁለት ክረምት ሙሉ? ሳይሸት? ሳይወጣ?»

አስረዳኋቸው። ጽንሱ ሲሞት የማህፀኑ በር አልተከፈተም፤ የሚያበሰብስ ነገር ከውጭ አልገባም። ውሃው እየተመጠጠ ሄደ፣ ጥጃው እንደ ቋንጣ ደረቀ። የላሟ ሰውነት ግን መሞቱን አልሰማም፤ እርጉዝ ነኝ ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ ኮርማ አትፈልግም፣ አታምጥም፣ አትጥልም። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ በፎቶም አይቼዋለሁ። በእጄ ነክቼው ግን አላውቅም ነበር።

ዋናው ሽማግሌ አዳመጡኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ አንቺን ውሸታም አላልንም። ግን የአንቺ እጅ ያየውን የኛ ዓይን አላየውም። ይውጣና እንየው።»

ትክክል ናቸው፤ ያም ሆኖ ተናደድኩ። ሰውነቷን «እርጉዝ አይደለሽም» ብሎ የሚነግር መርፌ አለ፤ ወጋኋት። በጥቂት ቀን ውስጥ ትጥለዋለች አልኳቸው። አንዳንዴ እንደማይወጣ፣ ተጣብቆ እንደሚቀር አልደበቅኩም። ይህን ስል ሁሉም ስለ ፍርዱ ተንሾካሾኩ። አርቢው ብቻ ወደ እኔ መጥተው በቀስታ «ላሙ ይሞታል?» ብለው ጠየቁኝ። የኔ ፍርሃት እንደሳቸው ለላሟ አልነበረም፤ መርፌው ካልሠራ የሳቸው ስም እንዳለ ተቀብሮ እንዳይቀር ነው።

እነዚያን ቀናት ምግብ አልበላሁም ማለት ይቻላል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እዘላለሁ። ቢሮ ያሉ ባልደረቦቼ «አማጠች እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። አንድ ጠዋት የአርቢው ሚስት ደወለች።

«ዶክተር፣ እግር መጣ።»

ባጃጁን ሹፌሩ እንዴት እንደነዳው አላውቅም። ስደርስ ግቢው ሞልቷል፤ ባለላሙም አሉ፣ ሽማግሌዎቹም አሉ። ከላሟ ኋላ አንዲት ቡናማ ሰኮና ወጥታ ቆማለች። ማህፀኑ ውስጥ ማለስለሻ ጨምሬ፣ ቀስ እያልኩ፣ እያዞርኩ ሳብኩ። የሚያዳልጥ ነገር የለውም፤ እንደ ደረቅ ቆዳ ይፋጫል። ወጣ።

ከጠቦት ያንሳል። ተኮራምቶ፣ አንገቱ ወደ ጎኑ ታጥፎ፣ ቡናማ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። አይሸትም። ሰኮናዎቹ አራቱም ሙሉ ናቸው። ጆሮው እንኳ አለ። ሴቶቹ «ቢስሚላህ! ቢስሚላህ!» እያሉ ወደ ኋላ ሸሹ። አንድ ጎልማሳ ሮጦ ወጥቶ አጥር ሥር አስመለሰ። እኔ ራሴ ማውጣቴን ረስቼ፣ ሌላ ሰው ያመጣው ይመስል አፌን ከፍቼ አየዋለሁ። ያኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ባለላሙ መጥተው ጎንበስ አሉ። አዩ። ጣታቸውን ዘርግተው ሰኮናውን ነኩ፣ እጃቸውን እንደተቃጠለ ሰው መልሰው ሰበሰቡ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ይሄን ነው ሸጠሃል ያልኩህ?» አሉ። «ይሄን ነው? ተናገር እንጂ! አንተ ሰውዬ፣ አንዴ እንኳ ስደበኝ!»

አርቢው አልተሳደቡም። የትከሻቸውን ፎጣ አውርደው ጥጃውን ሸፈኑትና ዶማ ሊያመጡ ሄዱ። ዋናው ሽማግሌ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ፤ ሁሌ የምሰማው አባባል ነው፣ ያን ቀን ግን ቆዳዬ ላይ ተሰማኝ።

ጉድጓዱን ጥልቅ አድርጉት፣ ውሻ እንዳያወጣው አልኩ። ባለላሙ ቀና ብለው «ውሻ ቢበላው ምን ይሆናል?» አሉኝ። ላሞችን ጽንስ የሚያስጥል፣ አንዳንዴም እንዲህ የሚያደርቅ አንድ ጥገኛ ተህዋስ ከውሻ ሆድ እንደሚመጣ ነገርኳቸው። ውሻው የተጣለ ጽንስ ወይም የእንግዴ ልጅ ይበላል፤ ከዚያ ዓይነ ምድሩ በሣርና በውሃ ላሟ ሆድ ይገባል። የያዛት ላም ዕድሜ ልኳን ትይዘዋለች፣ ሆዷ ውስጥ ሳለ ለጥጃዋም ታወርሳለች። ይሄኛው በዚያ ምክንያት ይሁን አይሁን ገና አላወቅኩም፤ ደሟን ልኬ ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው አልኳቸው።

ፊታቸው አመድ መሰለ። እሳቸው ውሾች አሏቸው፤ ዝንጀሮ በቆሎውን እንዳይጨርስ ነው። ላሞቻቸው ሲወልዱ የእንግዴ ልጁን ለውሾቹ ነው የሚጥሉት፤ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። ይቺ ላም የተወለደችው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው።

«እናቷም ጽንስ ጥላ ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «እናቷም…»

ውጤቱ ሲመጣ ራሴ ይዤው ሄድኩ። ተህዋሱ ላሟን ነክቷት እንደነበር ደሟ ይናገራል። ጥጃውን የገደለው እሱ ነው ብዬ ግን ልምል አልችልም አልኳቸው፤ «ልምል» የሚለው ቃል ካፌ ከወጣ በኋላ ምላሴን ነከስኩ። ባለላሙ ሌላ አልጠየቁኝም። ገመድ አንሥተው ጊደሯን ፈቷት፤ እየጎተቱ በፍየሉ መንገድ ወደ በርታው መንደር ወረዱ። እኔም ተከተልኳቸው። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ለዛ ላለው ሰው ያ ከባድ ነው።

አርቢው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ባለላሙ ገመዱን ዘረጉላቸው።

«ጊደርህን አምጥቻለሁ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

«አውፍ ብያለሁ» አሉ አርቢው። «ጊደር ግን አልወስድም።»

«ለምን?»

«ጊደሩ በመሐላ ፈንታ ሄደ። እሱን ከወሰድኩ መሐላው ይመለሳል። ያንተ ነው።»

ባለላሙ ገመዱን ይዘው ቀሩ። ፈገግታ የለም፣ ቀልድ የለም። ያን ጊዜ ነው ምን እንደደረሰባቸው የገባኝ፤ ድንጋጤው ከደረቁ ጥጃ የባሰብኝም ያን ጊዜ ነው። ይቺ ጊደር በራቸው ላይ ታስራ ልትኖር ነው፤ በየጠዋቱ ሊያዩዋት፣ ወተቷን ሊጠጡ፣ በየአንዳንዱ ጉንጭ ወንድማቸውን ሌባ ማለታቸውን ሊያስታውሱ ነው። ሊመልሷት አይችሉም። ሊሸጧት አይችሉም። እንባቸው በቀላው ጢማቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም።

ከዚያ ገመዱን እንደገና ዘረጉ።

«የኔ ናት ካልክ፣ እሺ፣ የኔ ናት» አሉ። «ለርቢ እሰጥሃለሁ። አርባልኝ።»

አርቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ዓይን ለዓይን አዩዋቸው። ሚስታቸው በሩ ላይ መጥታ ቆማለች።

«ባይወልድስ?» አሉ አርቢው።

«ባትወልድ» አሉ ባለላሙ፣ «አልወለደችም እላለሁ።»

አርቢው ተነሥተው ገመዱን ተቀበሉ።